NFL (የአሜሪካ ፉትቦል) ኦቨርታይም (ተጨማሪ ሰዓት) ላይ ታችዳውን (6 ነጥብ) ገብቶ ጨዋታው አላለቀም??? ቶሎ መልሱልኝ

ናቲ_ፓርኪንግ፦ ሰዎች ስራ ላይ ነኝ ቲቪ የለም፣ ስልኬ ላይ ውጤት ብቻ ነው የማየው። ኦቨርታይም ገቡ፣ መጀመሪያ ኳሱን ያገኙት ታችዳውን አገቡ፣ እኔም በቃ አለቀ ብዬ ለእህቴ ባል "ክትፎ ልትጋብዘኝ ነው" ብዬ ቴክስት አደረግኩለት። አፑ ግን ሰዓቱን አላቆመም፣ ኳሱ የነዛኞቹ ነው ይላል። አጥፍቼ አበራሁት ያው ነው። ስታክ አድርጎ ነው ወይስ ምንድነው?? ሰውዬው እየሳቀ መልሶልኛል

ቤቲ_ሲልቨርስፕሪንግ፦ አፑን አጥፍተህ እንደገና ጫነው፣ የኔም እንደዛ ያደርጋል

አምባው፦ የትኛው ጨዋታ? መደበኛ ሲዝን ነው ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ)? ይሄን ሳትናገር ማን ይመልስልሃል

ሸገር_ልጅ፦ ለ60 ደቂቃ ጨዋታ ሦስት ሰዓት ተቀምጣችሁ ማስታወቂያ ስታዩ ከርማችሁ ደሞ ተጨማሪ ሰዓት ሲመጣ ትጨነቃላችሁ 😂

ሽማግሌው_ዳላስ፦ ልጄ፣ ይሄ ነገር ታሪክ አለው። መደበኛው ሲዝን ላይ ኦቨርታይም የገባው በ1974 ነው፣ ያኔ ቀድሞ ነጥብ ያገባ አሸነፈ፣ ፊልድ ጎልም (በእግር ተመትታ ጎል ቋሚዎቹ መሃል የምታልፍ፣ 3 ነጥብ) ብትሆን። በ2010 መጀመሪያ ላይ ሴንትስ ሳንቲሙን (ማን ኳሱን ቀድሞ እንደሚይዝ የሚወስነውን ዕጣ) አሸንፈው በፊልድ ጎል 31 ለ 28 ቫይኪንግስን ሲያሰናብቱ የቫይኪንግሱ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ብሬት ፋቭር ኦቨርታይሙን ኳስ ሳይነካ ዳር ቆሞ ጨረሰው። ጫጫታው በረታና ፊልድ ጎል ብቻውን አይበቃም፣ ታችዳውን ከሆነ ግን ያልቃል ተባለ፣ መጀመሪያ ለፕሌይኦፍ፣ በ2012 ለሁሉም። በ2017 ደሞ የመደበኛውን ከ15 ደቂቃ ወደ 10 አወረዱት፣ ተጫዋቾቹ እንዳይጎዱ ብለው። በዛው ዓመት ፓትሪዮትስ ከ28 ለ 3 ተነስተው...

ናቲ_ፓርኪንግ፦ ጋሼ በናትዎት ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ መደበኛ ሲዝን ነው፣ አለቀ ወይስ አላለቀም

ቤቲ_ሲልቨርስፕሪንግ፦ አፕዴት አድርገኸዋል ግን?

ሚኪ_77፦ ክትፎው ጥሬ ነው ለብለብ? መልሱ እሱ ላይ ነው የሚወሰነው

ጭምቱ፦ አላለቀም፣ አፕህ ደህና ነው። አንተ የምትለው የድሮው ሕግ ነው። ፕሌይኦፍ ላይ ከ2022፣ መደበኛው ላይ ከ2025 ጀምሮ የመጀመሪያው ታችዳውን ቢያገባም ሌላኛው ኳሱን ያገኛል። አሁን አንድ ነገር እይ፣ ያገቡት ኤክስትራ ፖይንቱን (ከታችዳውን በኋላ የሚመታውን 1 ነጥብ) አስገብተዋል? 7 ከሆነ እነዛኞቹ ታችዳውን አግብተው በ1 ነጥቧ ምት ፈንታ ቱ ፖይንት (ኳሱን እንደገና ጎል ክልል ማስገባት፣ 2 ነጥብ) ከሞከሩና ከተሳካላቸው እዛው አለቀ፣ አንተ ከፋይ ነህ። በ1 አቻ ካደረጉ ግን ኳሱ ወደ መጀመሪያዎቹ ይመለሳልና ከዛ በኋላ ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል። 10 ደቂቃው ካለቀ ደሞ አቻ ነው፣ እስኪሸናነፉ የሚቀጥሉት ፕሌይኦፍ ላይ ብቻ ነው

ዲፌንስ_ይከበር፦ እኔ ይሄ ሕግ ራሱ አይዋጥልኝም። ዲፌንሱ (ተከላካዩ) በነፃ ነው እንዴ የሚጫወተው? አስቁም፣ ኳሱን ታገኛለህ፣ በቃ። ሳንቲም ሳንቲም እያሉ ማልቀስ

አምባው፦ ቢልስና ቺፍስን ረሳኸው? ጥር 2022፣ 13 ሰከንድ ቀርቶ ቺፍስ አቻ አደረጉ፣ ሳንቲሙን አሸነፉ፣ የነሱው ኬልሲ ታችዳውን አገባና 42 ለ 36 አለቀ። የቢልሱ ኳርተርባክ ጆሽ አለን እንደዛ ሲጫወት አምሽቶ ኦቨርታይም ላይ አንዴ እንኳን ኳስ ሳይነካ ወደ ቤቱ። ከዛ ነው የቡድኖቹ ባለቤቶች 29 ለ 3 ድምፅ ሰጥተው የቀየሩት

ዲፌንስ_ይከበር፦ እና አሁን ተስተካከለ? ሁለተኛ የሚይዘው ስንት ነጥብ እንደሚፈልግ አውቆ ነው የሚገባው፣ አራተኛ ዳውን (የመጨረሻ ሙከራ) ላይ ፐንት አይመታም (ኳሱን በእግር መትቶ አይሰጥም)፣ ይሄድበታል። 2024 ሱፐር ቦውል (የዋንጫው ጨዋታ) ላይ ፎርቲናይነርስ ሳንቲሙን አሸንፈው ኳሱን እንቀበላለን አሉ፣ ፊልድ ጎል አገቡ፣ የቺፍሱ ኳርተርባክ ማሆምስ መጥቶ በታችዳውን 25 ለ 22 ጨረሰው። ዕድሉን ከአንዱ ወስዳችሁ ለሌላው ሰጣችሁት እንጂ ምን አመጣችሁ

ጭምቱ፦ እነሱ ያሰቡት እኮ ሦስተኛውን ኳስ ነው፣ ሁለቱም እኩል ካገቡ ሦስተኛው የነሱ ነበር። ሒሳቡ ስህተት አልነበረም፣ ማሆምስን ማቆም አቃታቸው እንጂ

ሚኪ_77፦ ከጨዋታው በኋላ የፎርቲናይነርስ ተጫዋቾች ራሳቸው አዲሱን ሕግ አናውቅም ነበር አሉ እኮ 😂 በ2008ም የኢግልሱ ኳርተርባክ ማክናብ ከቤንጋልስ ጋር 13 ለ 13 ወጥቶ ጨዋታ አቻ እንደሚያልቅ አላውቅም ነበር ብሏል። ናቲ አይዞህ፣ ሚሊዮን የሚከፈላቸውም አያውቁትም

ሽማግሌው_ዳላስ፦ ችግሩ 10 ደቂቃው ነው። የመጀመሪያው ቀስ እያለ ሰባት ደቂቃ ከበላ ለሌላው ምን ተረፈው? ኢግልስ ሕጉን ሲያቀርቡ 15 ይሁን ብለው ነበር፣ 10 ላይ ተዉት። ይኸው በ2025 መስከረም የኛ ካውቦይስ ከፓከርስ 40 ለ 40። ያን ሁሉ ሰዓት ቁጭ ብሎ አይቶ አቻ!

ቤቲ_ሲልቨርስፕሪንግ፦ ለምን እንደ ኮሌጁ ፉትቦል ኳሱን ከጎሉ 25 ያርድ ላይ አስቀምጠው ተራ በተራ አያደርጉትም፣ ሰዓት የለ ጭቅጭቅ የለ

ዲፌንስ_ይከበር፦ እሱማ ፔናሊቲ ምት ነው። ኪኮፍ (የመክፈቻ ምት) የለ፣ ሜዳውን ማቋረጥ የለ፣ 25 ያርድ ላይ ሲቆሙ እኮ ፊልድ ጎል ክልል ገብተዋል

አምባው፦ ናቲ ኤክስትራ ፖይንቱስ?