ማዱራይ ሚናክሺ ቤተመቅደስ ገብታችሁ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች፣ እማዬን ለአይን ህክምና ይዣት ህንድ ማዱራይ ነው ያለነው፣ ኦፕሬሽኑ ገና 3 ቀን ስለሚቀረው ሚናክሺ የሚባለውን ትልቁን ቤተመቅደስ ልየው ብዬ ነበር። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ያስገባሉ? ምንስ ይለበሳል? እማዬ ደግሞ «እኔ ጣኦት ቤት አልገባም ውጪ እጠብቅሻለሁ» ብላለች።

አቢ፦ ያስገባሉ እህቴ ግን እስከ መጨረሻው አይደለም፣ ሚናክሺ የምትባለዋ ሴት አምላካቸውና ባሏ ሱንዳሬሽዋራር (ሺቫ የሚሉት አምላክ ማለት ነው) ያሉበት ውስጠኛው ክፍል ለሂንዱ ብቻ ነው፣ እኛስ ጋ መቅደስ ከቄስና ዲያቆን ሌላ ማን ይገባል። የቀረውም ቀን አይበቃውም፣ የወርቅ ሎተስ የሚሉት ኩሬ አለ፣ «የሺ ምሰሶ አዳራሽ» ሲቆጠር 985 ነው ሃሃ፣ ግንቦቹ 14 ናቸው የደቡቡ ከ50 ሜትር ይበልጣል፣ ከላይ እስከ ታች በቀለም የተቀባ ምስል ነው አንገትሽ እስኪቆለመም ታዪያለሽ።

ማሂ፦ ስልክ አይገባም!! በፈረንጆቹ 2018 እሳት ከተነሳ ወዲህ ከልክለዋል፣ በር ላይ ታስቀምጫለሽ፣ ቁጥሩን እንዳትጥዪው እኔ ጥዬ ስጨቃጨቅ ነው የዋልኩት። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ ነጠላ ጣል ካረግሽ በቃ። ጫማ ይወልቃል፣ ቀን ላይ ድንጋዩ ምጣድ ነው ስለዚህ በጠዋት ሂጂ፣ ደሞ በኛ ሰዓት ከ6 ተኩል እስከ 10 ገደማ ይዘጋል።

ጠያቂ፦ አመድ ወይ ቀይ ዱቄት ግንባሬን ቢቀቡኝስ? ምግብም ይሰጣሉ አሉ፣ ፆም ላይ ነን።

እትዬ፦ በግድ የሚቀባሽ የለም ልጄ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አርገሽ ዝቅ ካልሽ ይገባቸዋል። ምግቡ ፕራሳድ ይባላል፣ ለአምላካቸው ቀርቦ የሚታደል ስለሆነ ተቀብሎ መጣል ነውር ነው፣ ካልበላሽ ከመጀመሪያውም አትቀበይ፣ ጣፋጩ ላይ ቅቤ አይጠፋም። ለእናትሽ፣ ዙሪያውን ያሉት የቺትራይ መንገዶች መኪና ስለማይገባባቸው ጥላ ፈልጋ ትቀመጥ፣ ግን ብቻዋን ብዙ አታስቆያት።

አቢ፦ ከቻልሽ ማታ 3 ሰዓት አካባቢም ተመለሺ፣ ሺቫን በሸክም አርገው ከበሮ እየተመታ መለከት እየተነፋ ወደ ሚስቱ ክፍል ያደርሱታል፣ በየቀኑ ማታ ማታ። እዛ ቤት ዋናዋ እሷ ናት፣ ምእመኑም መጀመሪያ የሚሳለመው እሷን ነው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ ሁላችሁም፣ ለእማዬ ሳነብላት «ባልየው ነው የሚሄድላት?» ብላ ሳቀች፣ አሁን እስከ ኩሬው ድረስ እኔም ልግባ እያለች ነው 😂