«ኦሮምኛ» ይባል ወይስ «አፋን ኦሮሞ»? በ«-ኛ» ላይ የተነሣ ክርክር

ፒያሳ፦ እዚህ ጎንደር አስጎብኚዎች የሚሞሉት ቅጽ እየተረቀቀ ነው። «በየትኛው ቋንቋ ያስጎበኛሉ?» ከሚለው ሥር ሰባት ተደርድረዋል፤ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አረብኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ቅማንትኛ፣ ግእዝ። ግማሹ ሰው ባለቤቶቹ እንደሚሉት ይጻፍ ይላል፣ ግማሹ ቅጹ አማርኛ ስለሆነ በ«-ኛ» ይጻፍ ይላል። እናንተስ?

አዘዞ፦ ባለቤቱ በሚጠራበት ይጠራ። «አፋን» ማለት አፍ ነው፤ እኛም «አፍ መፍቻ ቋንቋ» እንላለን። ሶማሊው «አፍ ሶማሊ»፣ ሲዳማው «ሲዳሙ አፎ» ይላል። ሐረሪዎች ደግሞ ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን»፣ የከተማ ቋንቋ፣ ብለው እያለ እኛ ስንት ዘመን «አደርኛ» ስንል ኖርን። ስም የሚያወጣው ባለቤቱ ነው።

ማራኪ፦ «አደርኛ»ን ያበላሸው «አደሬ» የሚለው ስም እንጂ ቅጥያው አይደለም፤ «ሐረርኛ» ሲባል ማን ተከፋ? ስዋሂሊ ከፊት «ኪ» ይለጥፍና አማርኛን «ኪአምሃሪ» ይላል። ጃፓን ከኋላ «ጎ» ትቀጥላለች፤ የራሷ «ኒሆንጎ»፣ የኛ «አሙሃራጎ»። ዐረቡም «አምሐሪያ» ይለናል። እያንዳንዱ ቋንቋ የሰውን ስም በራሱ መዶሻ ይቀጠቅጣል። ደግሞ ኦሮምኛ ተናጋሪው አማርኛን «አማሪፋ» ሲል እንሰማለን፤ «አማርኛ» በል ብሎ የተቆጣው የለም።

አንገረብ፦ ማራኪ ሳያስበው ጥሩ ነገር ነካ። ኦሮሞው «አማሪፋ»፣ «ኢንግሊፋ» ይላል። ሲቆጥር ደግሞ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ካለ በኋላ «ቶኮፋ፣ ለመፋ፣ ሰደፋ» ይላል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማለት ነው። እኛ «-ኛ»ን ለቋንቋም ለተራም እንደምናውላት እነሱም «-ፋ»ን እንዲሁ። የኛዋ ሦስተኛ ሥራ አላት፤ ፈረሰኛ፣ በሽተኛ፣ ነገረኛ። እዚያ ላይ «-ፋ» አትከተላትም። ስለዚህ «ኦሮሞ ቅጥያ አያውቅም፣ አፋን ብቻ ነው» የሚል ካለ ይተወው።

አዘዞ፦ አላልኩም። ግን «አማሪፋ» የሚለው ሰው በመንግሥት ቅጽ ላይ አልጻፈውም። በአማርኛ የሚወጣው የመንግሥት ወረቀት «አፋን ኦሮሞ»ን ከለመደ ቆይቷል፤ ቅጹ ለምን ወደ ኋላ ይጎተታል?

የቅኔ ቤት፦ ልጆቼ፣ «-ኛ» እናንተ እንደምታስቡት ሁሉን አትገዛም። ግእዝ ራሱ ዝርዝራችሁ ውስጥ ያለ «ኛ» ተቀምጦ የለ? «ግእዝኛ» ያለ የለም። ግእዝ ለወገንም ለተራም «-ዊ» ነው ያለው፤ ኢትዮጵያዊ፣ ቀዳማዊ። ሴት ስትሆን ኢትዮጵያዊት ይላል፤ የአማርኛዋ «ኛ» ግን ጾታ አትለይም፣ ፈረሰኛ ወንድም ነው ሴትም ነው። ትግርኛን ተመልከቱ፤ ለቋንቋ ስም «ኛ»ን ይዟል፣ ወደ ተራ ሲመጣ ግን ቀዳማይ፣ ካልኣይ፣ ሳልሳይ ይላል፤ ከዐሥር በላይ ቅጥያውን ጥሎ ከቁጥሩ ፊት «መበል» ያስገባል።

ፒያሳ፦ የኔታ፣ «እንግሊዝኛ» ነው «እንግሊዘኛ»? ረቂቁ ላይ ሁለቱም አሉ።

የቅኔ ቤት፦ «እንግሊዝኛ»። ለቋንቋ ሲሆን ከ«ኛ» በፊት ያለው ፊደል ሳድስ ይሆናል፤ አማራ አማርኛ፣ ጉራጌ ጉራግኛ፣ ቻይና ቻይንኛ። ለተራና ለባለሙያ ሲሆን ግእዝ ይሆናል፤ ሁለት ሁለተኛ፣ እግር እግረኛ፣ በሽታ በሽተኛ። «እንግሊዘኛ» የሚለው አፍ የሁለተኛውን መንገድ ለፊተኛው አውሎት ነው። በንግግር ይለፍ፣ በቅጽ ግን አንዱን ያዙ። «አረብኛ»ንም ተጠንቅቃችሁ አትሙ፤ ረ እና ብ ቅርጻቸውን ከሳቱ «አርበኛ» ይሆንና አስጎብኚው አርበኛ ይናገራል ይባላል።

አንገረብ፦ ከኦሮምኛው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «ቅማንትኛ» ነው። ጭልጋ አካባቢ በጥቂት አረጋውያን አንደበት የቀረው ቋንቋ በራሱ ስሙ «ቅማንትነይ» ነው፤ «-ነይ» ልክ እንደኛዋ «-ኛ» ቋንቋን ታመለክታለች። ዘመዱ «አውንጊ»ም መጨረሻው እንዲሁ ነው፣ የአዊ ቋንቋ ማለት። «ቅማንትኛ» ካላችሁ አንዱን ቅጥያ በሌላ ተካችሁ፤ ምንም አይደል፣ ትርጉም ነው። ጉዱ «ቅማንትነይኛ» እና «አውንጊኛ» ሲጻፍ ነው፤ ቋንቋኛ ቋንቋ። ሥሩን ሳያዩ «ኛ» መለጠፍ እዚህ ያደርሳል።

ማራኪ፦ እሺ፣ ቅማንትነይን ለቀቅሁ። ግን «አፋን ኦሮሞ» ሁለት ቃል ነው። ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ ተካ ብትሉት «ኦሮምኛው» «አፋን ኦሮሞው» ይሆናል። «አፋን ኦሮሞ ቋንቋ» ሲጻፍም አፍና ቋንቋ ተደራረቡ። ስሙን በፊደል ተራ ስትደረድሩ ደግሞ አፋን ኦሮሞና አፍ ሶማሊ ሁለቱም «አ» ሥር ይታጨቃሉ፤ ሶማሊኛን ፈላጊው ወደ «ሰ» ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

አዘዞ፦ «ሶማልኛ»፣ «ሶማሊኛ»፣ «ሱማልኛ» እያላችሁ እናንተስ መቼ በአንድ ስም አገናኛችሁን? አሁን አንተ ራስህ ከፒያሳ ጋር አልተስማማህም። የኔ ሐሳብ «አፋን ኦሮሞ (ኦሮምኛ)» ብሎ ሁለቱንም ማስፈር ነው። ቦታው ይበቃል፣ አንድ መስመር ነው።

ማራኪ፦ «ኦሮምኛ (አፋን ኦሮሞ)» ከሆነ እፈርማለሁ።

አዘዞ፦ ቅንፉ ውስጥ ማን ይግባ ነው እንግዲህ የቀረን!

ፒያሳ፦ እሱ ላይ ነገ እንጣላ። ሶማልኛን በ«ል» አስቀራለሁ፣ ቅማንትነይ ያለ «ኛ» ይገባል። ግእዝስ የኔታ፣ በፊደል ተራ ስንደረድረው ሰባተኛ ላይ ሊወድቅ ነው፣ ከሁሉ ኋላ።

የቅኔ ቤት፦ ይውደቅ። ዞሮ ዞሮ «ኛ» ደረሰው።