ሙዚቃው ፊልሙን እየቀደመ አስቸገረን

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የ8 ደቂቃ አጭር ፊልም እየሠራን ነው። ሠዓሊዋ በእጅ የሣለችውን ታንቀሳቅሳለች፤ ዲዛይነሩ ጽሑፎቹን፣ ሙዚቀኛው ሙዚቃውን፣ እኔ ኤዲቲንጉን ይዘናል። ሙዚቃው ሲጀምር ልክ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ግማሽ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። በጽሑፎቹ ዙሪያ ደግሞ ጥቁር ጠርዝ ይታያል። ከምን የመጣ ነው?

መልስ 1
ከመነሻው እስከ መድረሻው በእኩል መጠን ቢዛነፍ ኖሮ መነሻ ነጥቡን ፈትሹ እል ነበር። እየቆየ የሚሰፋ ከሆነ ግን የፍጥነት ልዩነት ነው። ፕሮጀክታችሁ በሰከንድ 23.976 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሆኖ፣ ሙዚቀኛው ጋ ያለው ቪዲዮ በ24 እየተጫወተ ሳይሆን አይቀርም። ልዩነቱ ከሺህ አንድ ነው፤ በ480 ሰከንድ ውስጥ 0.48 ሰከንድ ይሆናል።

ቪዲዮውን በ23.976 እንደገና አውጡለት፤ ጥግ ላይ ታይምኮድ (ሰዓቱንና ፍሬሙን የሚያሳይ ቁጥር) ይታይበት። ከመጀመሪያው ፍሬም 2 ሰከንድ ቀደም ብሎ የአንድ ፍሬም ርዝመት ያላት «ቢፕ» (አጭር ምልክት ድምፅ) አስገቡ፤ ፊልሙ ካለቀ ከ2 ሰከንድ በኋላም እንዲሁ። ሙዚቃው ሲመለስ ሁለቱም ቢፖች ከቦታቸው ላይ ካረፉ ፍጥነቱ ልክ ነው። የመጀመሪያው ገጥሞ የኋለኛው ካፈነገጠ አትቀበሉት።

ድምፁ በዋቭ፣ 48 ኪሎኸርትዝ፣ 24 ቢት ይሁን። ኤምፒ3 መነሻው ላይ ትንሽ ባዶ ድምፅ ስለሚጨምር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ምቱ፣ ባሱና ዜማው ለየብቻ ይላኩ፤ ሁሉም ፋይል ግን ከአንድ ነጥብ ይጀምር። ንግግር ሲመጣ ዜማውን ብቻ ዝቅ አድርጋችሁ ምቱን መተው የምትችሉት ያኔ ነው።

መልስ 2
ጥቁሩ ጠርዝ የአልፋ፣ ማለትም የምስሉን ግልጽነት የሚይዘው መረጃ፣ ጉዳይ ነው። የፊደሉ ጠርዝ ከጥቁር ጋር ተደባልቆ ወጥቷል፤ የእናንተ ፕሮግራም ግን ከቀለም ጋር ያልተደባለቀ አልፋ አድርጎ ያነበዋል። የፋይሉ አነባበብ ላይ «ፕሪመልቲፕላይድ፣ ጥቁር» (ከጥቁር ጋር የተደባለቀ) የሚለውን ምረጡ። ዲዛይነሩ ግልጽነትን በሚይዘው የቪዲዮ ዓይነት፣ በፕሮሬስ 4444 ይላክ፤ የተለመደው ኤች264 ግልጽነትን አይዝም።

መልስ 3
የቪዲዮው ፍጥነት ልክ ከሆነ ቴምፖውን (የሙዚቃውን የምት ፍጥነት) እዩ። ሠዓሊዋ በየ12 ፍሬሙ ምት እየቆጠረች ከሆነ፣ በ23.976 ላይ ይህ 119.88 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) እንጂ 120 አይደለም። ያም በ8 ደቂቃ ያንኑ ግማሽ ሰከንድ ያመጣል።

ቴምፖውን ከሥዕሉ በፊት መወሰን ትልቅ ድካም ያድናል። በ24 ስትሠሩ 120 ቢፒኤም በምት 12 ፍሬም፣ 90 ደግሞ 16፣ 80 ደግሞ 18 ይሰጣል። 96 ቢፒኤም 15 ፍሬም ነው፤ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም የሚቆይ ከሆነ ግን ምቱ በየሁለተኛው ጊዜ ሥዕሉ መሐል ላይ ይወድቃል። 110 ጭራሽ በምት ሙሉ ፍሬም አይሰጥም።

ጠያቂ
ቪዲዮው በ24 ነበር የወጣው! ግን ሙዚቀኛው ቀረጻውን ጨርሷል። እንደገና ይቅረጽ?

መልስ 1
አያስፈልግም። የድምፁን ቃና ሳይነካ ርዝመቱን ወደ 100.1% ይዘርጋው፤ ጆሮ የሚለየው ለውጥ አይደለም። ሁሉንም ፋይሎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መነሻ ይዘርጋቸው።