ጅዳ ያለችው እህቴ «ምግብ እዚህ ይረክሳል» ትላለች፣ እውነት ነው?

የሸርፍ ተራ ልጅ፦
ሰላም ጀማው። ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር በስልክ ተጨቃጨቅን። ጅዳ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። በየወሩ ትልክልናለች፣ አላህ ይስጣት። ደሴ ላይ እኔ፣ እናቴና ሁለት ታናናሾቼ አለን። ብሩ ወር ሳይሞላ አለቀ ስላት «ምኑን ነው የምትበሉት? እዚህ በአንድ ሪያል ዳቦ በፌስታል ይገዛል፣ ዘይቱም ከናንተ ይሻላል» አለችኝ። በጎን ደግሞ «ጫት ጀመርክ እንዴ?» የሚል ነገር ጣል አደረገች። ወላሂ አልቅምም። ግን ምን ላሳያት? ሰኞ ገበያ ሽንኩርት በመደብ የምትሸጥልኝ እናት ደረሰኝ አትቆርጥልኝ። ሁለቱንም አገር የምታውቁ አስረዱኝ። በትንሽ ብር ቤታችሁ የምትበሉም እንዴት እንደምታደርጉ ንገሩኝ።

ከሪያድ የተመለስኩ፦
እህትህ አልዋሸችም ወንድሜ፣ ግን ስሌቷ ጎደሎ ነው። እኔም ስድስት ዓመት እንደሷ ነበርኩ። የአሠሪዋን ፍሪጅ እያየች ነው የምታወራው። በቃላው (ሱቁ) ላይ ዋጋውን ታያለች እንጂ ከኪሷ አትከፍልም። ምግብ ላይ ሳይቀር 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ2020 በፈረንጅ ጀምሮ አለ፣ እሱንም ማዳም ናት የምትከፍለው።

ሌላው፣ ሪያሉን በብር መትተህ አታወዳድር። በቀን ሥራ ለካው። እኔ ወሩን 1000 ሪያል ነበር የማገኘው፣ በቀን 33 ገደማ ማለት ነው። የአንድ ሪያል ዳቦ ከቀን ድካሜ ሠላሳ ሦስተኛውን ብቻ ነው የሚወስደው። አሁን ደሴ ላይ ጡብ የሚያመላልስ ልጅ ያንኑ ያህል ዳቦ ለመግዛት ከቀን ገቢው ስንት እንደሚያወጣ አንተው አስላው። ያኔ ይገባታል።

ሪያል ደግሞ አይነቃነቅም፣ አንድ ዶላር 3.75 ብለው ካሰሩት አርባ ዓመት ገደማ ሆነው። የኛ ብር በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። እሷ በባንክ ስትልክ «ብሩ በዛላቸው» ትላለች፣ ዘይት ሻጩም ያንኑ ዜና ሰምቷል።

ይልቅ እንጀራውን ጠይቃት! ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ 1998 ላይ ስለታገደ እኛ እዛ በሩዝና በስንዴ ዱቄት ነበር የምንጋግረው። ዓርብ ዓርብ ተሰብስበን እየበላን አገር ቤትን እናማ ነበር።

የኮምቦልቻዋ፦
እኔ ስለ ሪያል አላውቅም፣ ስለ ድስት ልንገርህ። ብሩን የሚበላው እንጀራ መግዛት ነው። እናትህ አቅም ካላቸው ቤት ይጋገር። ጤፍ ብቻ አይሁን፣ ሁለት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ማሽላ አስፈጭ። የቃሉና የከሚሴ ማሽላ አጠገብህ እያለ ንጹሕ ማኛ ካልሆነ የሚል ወሎዬ ይገርመኛል። አንድ ነገር ልብ በል፣ እኛ ጋ ሞቅ ስለሚል ሊጥ ባንድ ሌሊት ይቦካል፣ በደሴ ብርድ ግን ሁለት ሌሊት ጠብቁት። ሳይቦካ ከጋገራችሁት ምጣድ ይይዛል፣ የተበላሸው ደግሞ የተከፈለበት ነው።

ጤፉን ከጥር ሳያልፍ ግዛ። ነሐሴ ላይ በኪሎ የሚገዛ ሰው ለነጋዴው ክረምት እየከፈለለት ነው። በርበሬም እንደዛው፣ አዲሱ ሲወርድ ነው። ሙሉ ኩንታል ካልተቻለ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ፣ እኛ ለሦስት ነው የምንገዛው፣ ወፍጮ ቤትም አብረን ነው የምንሄደው (ወሬውም እዛ ነው)። ሽሮ ቤት ተቆልቶ ይፈጭ። ከሱቅ የምትገዛው በግማሽ ኪሎ የታሸገው ለብልሃተኛ ሴት ስድብ ነው። ሽንኩርት ግን አታከማች። ክረምት ላይ የቆቦው ሲጠፋ ወጡን በድንችና በጎመን ማብዛት ነው እንጂ ሽንኩርት ላይ መሟገት የለም። ዘይት ደግሞ በማንኪያ ለካ። ከጄሪካን ቀጥታ ድስት ላይ የሚያፈስ ወንድ አይቻለሁ፣ ስሙን አልጠራም።

ሐረጎ ላይ፦
እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የጅቡቲው ዕቃ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል፣ ደረቅ ወደቡ እዛው ነው። መኪናው በበራችን ነው የሚያልፈው። ደሴ ሱቅ እስኪደርስ ዋጋው የሐረጎን ዳገት በእግሩ የወጣ ይመስላል።

የሸርፍ ተራ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። መልሱን ለእናቴ አነበብኩላት። ማሽላው ላይ ስደርስ «ስንት ጊዜ ብያችኋለሁ!» ብላ አቋረጠችኝ። ዛሬ ደግሞ አንድ ነገር ሞከርኩ። የገዛሁትን የሽንኩርት መደብ ጎረቤት ሱቅ ወስጄ አስመዘንኩት፣ ኪሎ ነው እያልኩ ዓመት ሙሉ ስገዛ የኖርኩት 700 ግራም ሆኖ አረፈው። የሚዛኑን ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት፣ በድምፅ ሳቀችብኝ። የቀን ሥራውን ስሌትም ተቀብላለች። ስለ ጫቱ ግን ገና አላመነችም።