የልጄ እግር ቆልማማ ነው፤ ጎንደር ላይ ያሳከመ አለ?

የደምቢያው አባት
ሰላም የጎንደር ልጆች። ወንድ ልጅ ከተወለደልን ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ የዞሩ ናቸው። ጤና ጣቢያው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ጽፎልናል። እናቴ «ወጌሻ ይየው፣ ሲያድግ ይስተካከላል» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ቀዶ ሕክምና የሚል ቃል ስትሰማ ገና ታለቅሳለች። እውነት መቀደድ አለበት? የሚሠራው የሕክምና ተማሪ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?

የአዘዞዋ እናት
እንኳን ደስ አላችሁ! ባለቤትህን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በልልኝ።

የእኔም ልጅ እንዲሁ ነበረች፤ ዛሬ ገመድ ትዘላለች። አትደንግጥ፣ ግን ቀን አታሳልፍ። ጅማቱ ለጋ ሳለ ነው እሺ የሚለው።

ሕክምናው ፖንሴቲ ይባላል። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባለ ስፔናዊ ሐኪም አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው ነው። በትልቅ ቀዶ ሕክምና የተስተካከሉ እግሮችን ዓመታት ቆይቶ ሲያያቸው ደርቀዋል፣ ያማሉ። ስለዚህ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በእጅና በጀሶ ማቅናት ጀመረ። ሌሎች ሐኪሞች ግን ለአሥርት ዓመታት ጆሮ አልሰጡትም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወላጆች በኢንተርኔት እየተጠራሩ ሲያወሩለት ነው በደንብ የተስፋፋው። እኛም እዚህ የምናደርገው ያንኑ ነው፤ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ።

ሐኪሙ አውራ ጣቱን ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት በውጭ በኩል ያሳርፍና እግሩን ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ከዚያ ጉልበቱ ታጥፎ ከጣቶቹ እስከ ታፋው በጀሶ ይጠቀለላል። በየሳምንቱ ይቀየራል። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃል። ጡት እያጠባችሁት ይሠራል፣ ያኔ ይረጋጋል።

ቀዶ ሕክምና የተባለው መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኞቹ ሕፃናት ከተረከዝ በላይ ያለችው ጅማት በማደንዘዣ ትቆረጥላቸዋለች። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ከዚያ 3 ሳምንት ጀሶ፤ ጅማቷ ረዝማ ትገጥማለች።

ዋናው ፈተና ጫማው ነው፣ በብረት የተያያዘው። ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 4 ዓመት ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት። እግሩ ቀጥ ብሎ ስታዩት «በቃ ድኗል» ትላላችሁ። ጫማው ሲቀር ግን እግሩ ተመልሶ ይዞራል። ለእኔ «ምን በደለችሽና ታስሪያታለሽ» ያላለኝ ጎረቤት የለም። የካልሲው ስፌት ቆዳዋን እንዳይልጠው ገልብጬ አለብሳት ነበር። ሁለቱን እግሮቿን አብሬ እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ሳጫውታት ጫማውን ለመደችው።

ፊዚዮቴራፒስቱ
የአዘዞዋ እናት ያለችው ልክ ነው። ወጌሻ ግን ይቅር። የሕፃን አጥንት ገና ለጋ ነው፤ በኃይል ሲታሽ ይጎዳል።

ስለ ተማሪው፦ ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንበት ከተማ ነው። ተማሪ ያያል፣ ይይዛል። «ኃላፊው ሐኪም ማነው?» ብለህ ጠይቅ፣ መብትህ ነው።

ቤት ስትመለሱ የእግሩን ጣቶች እዩ። ጫን ስትሉት ነጥቶ ቶሎ ከቀላ ደህና ነው። ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ፣ ካበጠ ወይም ጀሶው ተንሸራቶ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ከገቡ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን አምጡት። ቅቤ ጀሶው ሥር አይግባ።

የደምቢያው አባት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሰኞ እንገባለን። አንድ የቀረኝ፦ ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው። በጀሶ እንዴት ይጠመቃል?

ፊዚዮቴራፒስቱ
ቀኑን ከመጀመሪያው ጀሶ ጀምሮ ለክሊኒኩ ንገር። ጀሶው ለማንኛውም በየሳምንቱ ስለሚፈታ መቀየሪያው ከክርስትናው ጋር እንዲገጥም ሊያደርጉት ይችላሉ። ካልገጠመ ለቄሱ ቀድመህ አስረዳ፤ ጀሶ ለበሰ ሕፃን እንዴት እንደሚጠመቅ ይነግሩሃል። ብቻ ለክርስትናው ብለህ ቀጠሮ አትዝለል።