«መሰጠኝ» ስንል ሌባው ማነው?

ቃል ፈላጊ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞኝ ሰንብቷል። ስለ አክሽን ፊልም አጭር ጽሑፍ ጽፌ ነበር። መኪና በአየር ላይ ሦስት ጊዜ ተገለባብጦ በጎማው የሚያርፍባቸውን፣ አክተሩ ፀጉሩ ሳይበላሽ ከእሳት ውስጥ የሚወጣባቸውን ዓይነት ማለቴ ነው። እወዳቸዋለሁ። ሰው ሲገባ ግን ድምፁን እቀንሳለሁ፤ ምን እያየህ ነው ስባልም «ዝም ብዬ ነው የከፈትኩት» እላለሁ። ጽሑፌ ላይ እንዲህ አልኩ፦

«ሰርቄ የማያቸው ፊልሞች ናቸው፤ አይመጥኑኝም እላለሁ፤ ግን ይመስጡኛል።»

አርታዒው «ይመስጡኛል» የሚለውን ሰርዞ በዳር «ተመስጦ ለጸሎት እንጂ ለተኩስ አይሆንም» ብሎ ጻፈበት። በምትኩ «ያዝናኑኛል» አስገባ። እኔ ስዝናና ስልክ አነሳለሁ፣ ከሰው ጋር አወራለሁ። እነዚህን ሳይ ግን ስሜን ሲጠሩኝም አልሰማም። ስለዚህ «ያዝናኑኛል» ሐሰት ሆነብኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አርታዒው ልክ ነው? ደግሞስ እያፈሩ የሚወዱትን ነገር በአንድ ቃል የሚጠራ ስም በአማርኛ አለን? ከእንግሊዝኛ ተገልብጦ የመጣውን «ጥፋተኛ ደስታ» እባካችሁ አትስጡኝ። ደስታው ምን አጠፋ?

ዘጉባኤ፦
አርታዒው ልክ ነው። ተመስጦ የልብ መነጠቅ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ስለዚያ እስከ ሦስተኛው ሰማይ ስለደረሰው ሰው ሲናገር ግእዙ «ተመሥጠ» ይለዋል። ቃሉን ከዚያ አውርደን ለመኪና ፍንዳታ ስናደርገው ይረክሳል። ጉባኤ ቤት ዓመታት ተቀምጫለሁ፤ መምህራችን ይህን ቃል ሲናገሩት ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ለፊልሙ «ፈዘዝኩ» ይበቃዋል።

ሰብታይትል ሠሪዋ፦
መምህር፣ በአክብሮት ነው፤ «ፈዘዝኩ» ግን አይሆንም። ፈዘዘ ማለት ደመቀ ለሚለው ተቃራኒ ነው። ቀለም ይፈዛል፣ መብራት ይፈዛል፣ የታመመ ሰው ዓይን ይፈዛል። አክሽን የሚያይ ሰው የቱ ጋ ነው የፈዘዘው? እኔ ለሥራ ስል እነዚህን ፊልሞች ደጋግሜ አያለሁ። መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ሲንሸራተት ቀኝ እግሬ ወለሉን ፍሬን እንደሆነ ሁሉ ይረግጠዋል። አራተኛ ጊዜ እያየሁትም ይረግጠዋል! ይህ ድንዛዜ አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦
ከመጣላታችሁ በፊት ፊደሉን እናስተካክል። «መሠጠ» በንጉሡ ሠ ነው እንጂ በእሳቱ ሰ አይደለም። ትርጉሙም ነጠቀ ነው፤ በኃይል ነጥቆ ወሰደ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጳውሎስ የተናገረለት ሰው «ተነጠቀ» ተብሏል። ዮሐንስ 10 ላይ ደግሞ ተኵላው በጎቹን «ይነጥቃቸዋል»። አንዱ ግሥ ለሰማይም ለተኵላም ሠርቷል። እንግዲህ ቃሉን ማን ወደ ታች አወረደው? ሥሩስ ጥንትም በተኵላው አፍ ውስጥ ነበር።

ዘጉባኤ፦
ወንድሜ፣ ሥር መቁጠርና ቃል ማወቅ ለየቅል ናቸው። «መሠጠ» አድራጊ ነው፤ እሱን ለተኵላው ትቼልሃለሁ። «ተመሥጠ» ግን ተደራጊ ነው። ተደራጊው በአማርኛ የገባው ከጸሎት ቤት ነው፤ «ተመስጦ» የሚለው ስምም ከተደራጊው እንጂ ከአድራጊው አልወጣም። ሰው «በተመስጦ ላይ ነው» ሲባል በጎችን ያሰበ አንድም የለም።

ቃል ፈላጊ፦
መምህር፣ የእኔ ዓረፍተ ነገር እኮ «ተመሰጥኩ» አይልም፤ «ይመስጡኛል» ነው የሚለው። አድራጊዎቹ ፊልሞቹ ናቸው። በእርስዎ አከፋፈል ከሄድን ከተኵላው ወገን ነኝ ማለት ነው። እንዲያውም ከበጎቹ።

ሰብታይትል ሠሪዋ፦
ትክክል! «መሳጭ ፊልም» እያልን በየቀኑ የምንጽፈውስ? ገዳይ ከገደለ፣ መሳጭ ከመሰጠ። በግእዙ «መሣጢ» ማለት ነጣቂ፣ ቀማኛ ነው። ለፊልም የምንሰጠው ትልቁ ምስጋና «ቀማኛ» መሆኑን ከዛሬ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

የሌሊት አንባቢ፦
እኔ የሚገርመኝ የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ማንም አልነካውም። «ሰርቄ የማያቸው»። ሠረቀ ማለት ወጣ ማለት ነው፤ ፀሐይ ሠረቀ፣ ወር ሲጠባ ሠርቅ እንላለን። «ሰርቆ ማየት» የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ሌላው ሲተኛ ተነስቶ፣ እንደ ጨረቃ በሌሊት ወጥቶ ማየት። እኔም የማያቸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ቆንጆ ነው፤ ግን አይደለም። የወጣው ሠረቀ በንጉሡ ነው፤ የሌባው ሰረቀ በእሳቱ። ድምፁ በአማርኛ ስለተዋሐደ ነው ዘመድ የሚመስሉት። ሁለት ፊደል የተሰጣቸው ሁለት ስለሆኑ ነው። «ሰርቆ ማየት» ሌብነቱ ነው፤ የጨረቃው እዚህ አይገባም።

የሌሊት አንባቢ፦
እሺ ሌብነት ይሁን። የተሰረቀው ታዲያ ምንድን ነው? ሌባ ሲሰርቅ ከአንዱ ይጎድላል። ሰርቄ ሳይ ከማን ጎደለ?

ሰብታይትል ሠሪዋ፦
ይህ ጥያቄ መልካም ነው፤ በሥራዬም ያጋጥመኛል። «ሰርቆ አየ» ሲባል የሚሰረቀው የታየው ነገር አይደለም፣ አስተያየቱ ነው። አንዱ ሌላውን ሰርቆ ሲያይ ከታየው ሰው ምንም አይጎድልም፤ የሚሰረቀው የተመልካቹ ዓይን ነው። ችግሩ ዛሬ ፊልም ላይ ስናውለው አንባቢ «ሳይከፍል አውርዶ አየ» ብሎ ይረዳዋል። እኔ ብሆን ለጥንቃቄ «ተደብቄ» እል ነበር።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ተደብቄ» አካልን ነው የሚደብቀው። ሰውዬው ሳሎን ተቀምጧል፣ አልተደበቀም። የደበቀው መውደዱን ነው። «ሰርቄ» ይቆይ።

እንግዳ፦
ለቤቱ አዲስ ነኝ። «ልብ ሰቃይ ፊልም» የሚለው አይሻልም? ልብን የሚያሠቃይ። ሥቃይ ስላለበት ሃፍረቱንም ይይዛል።

ፊደል ቆጣሪ፦
እንኳን ደህና መጣህ። ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነው፤ ረጋ ብለን እንየው። «ሰቃይ» ከሥቃይ አልመጣም፤ የመጣው ከሰቀለ ነው። ገደለ ገዳይ፣ ከፈለ ከፋይ፣ ሰቀለ ሰቃይ፤ መጨረሻው ለ ወደ ይ ይዞራል። ልብ ሰቃይ ማለት ልብን አንጠልጥሎ የሚያቆይ ነው። ወንድሙ «ልብ አንጠልጣይ» ምስክር ነው። ሥቃዩን ብንፈልግ «ልብ አሠቃይ» ባልን ነበር፤ ያ ደግሞ በንጉሡ ሠ ይጻፋል።

እንግዳ፦
ሲነበብ ግን ሁለቱም ይሰማኛል።

ዘጉባኤ፦
መሰማትና መሆን ይለያያሉ፤ ቅኔም የሚዘረፈው በዚያ ክፍተት ነው። ልጁ ሰምና ወርቅ አገኘ ማለት እንጂ ሥር አገኘ ማለት አይደለም። በሰቀለው ግን ከፊደል ቆጣሪ ጋር ነኝ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሰብታይትል ሠሪዋ፦
እንዴት እንደሚሰቅል በዓይናችሁ እዩት። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። አክተሩ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው ሲዘል በሰከንድ 120 ምስል ያነሱትና በ24 ያሳዩታል። አንድ ሰከንድ የነበረው ዝላይ አምስት ሰከንድ ይሆናል። ሰውዬው አምስት ሰከንድ ተሰቀለ፤ ልቤም አብሮት ተሰቀለ። «ሰቀለ» እዚህ ምሳሌያዊ እንኳ አይመስለኝም።

የሌሊት አንባቢ፦
ስለ ገዳይ ከተነሳ፣ የአክሽን አክተር ታሪክ «ገድል» መባል አይገባውም? ገደለ፣ ገድል። ብዙ የገደለ ባለ ገድል ነው።

ዘጉባኤ፦
ተው! ገድል የቅዱሳን ነው፤ በግእዝ መግደል «ቀተለ» ነው። «ተጋደለ» ደግሞ ታገለ፣ ተፋለመ። ገድል ያለው የታገለ እንጂ የገደለ አይደለም። ከባለ ገድሎቹ እንዲያውም የተገደሉ አሉ። አክተሩ ግን አይሞትም።

ሰብታይትል ሠሪዋ፦
መምህር፣ ያሉትን ተቀብዬ ልጨምርበት። ገድል ትግል ከሆነ እነዚህ ፊልሞች ውስጥ ገድል አለ። ያለው ግን በታሪኩ ሳይሆን በአካሉ ነው። የድምፅ አልባው ፊልም ዘመን አክተር በስተር ኪተን እ.ኤ.አ. በ1928 የቤት ግንብ በሙሉ በላዩ ሲወድቅ ቆሞ ነበር የጠበቀው፤ የዳነው የተከፈተ መስኮት ልክ በቆመበት ስለወረደ ነው። ጃኪ ቻን በ1983 በወጣ ፊልሙ ከሰዓት ማማ ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን ለቀቀ፤ የጨርቅ ዳሶች እየቀደደ መሬት ደረሰ። ማታለያ የለበትም፣ የተጋደለ ሥጋ ነው። እኔ እነዚህን ሳይ ነው ድምፅ ቀንሱ ስባል የሚቆጨኝ። ኦስካር ከ1929 ጀምሮ ሲሰጥ ለስታንት ሠሪዎች፣ አደገኛውን ትዕይንት በአካላቸው ለሚሠሩት፣ የራሳቸው ዘርፍ አልነበራቸውም። እንዲኖር የተወሰነው በ2025 ነው፤ የሚጀምረውም በ2027 በሚወጡ ፊልሞች። እኛ ተመልካቾቹ ሰርቀን ማየታችን ለብቻችን የመጣ ሃፍረት አይደለም፤ ሙያው ራሱ ተደብቆ ነበር የኖረው።

ቃል ፈላጊ፦
ይህን ጽሑፌ ውስጥ ባገባው ደስ ይለኛል። ግን ሃፍረቴ ከሙያው አይመስለኝም። ከውሸቱ ነው። ባለፈው አንድ ትዕይንት ላይ ጥይት ቆጠርኩ። አክተሩ በአንዲት ሽጉጥ፣ ካዝና ሳይቀይር፣ 31 ጊዜ ተኮሰ። የዚያ ዓይነቷ 17 ነው የምትይዘው። ቆጥሬ እያወቅሁት፣ 31ኛዋ ስትተኮስ ከወንበሬ ተነሳሁ። ይህን ነው ለሰው መንገር የማፍረው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ለዚያ «ዓይን ያወጣ» አለልህ። ዓይን ያወጣ ውሸት። የማይደብቅ፣ የማያፍር። ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት ሽጉጥ በፊልም እንደ ሹክሹክታ ነው የሚሰማው፤ በእውኑ ማፈኛው ከተኩሱ ላይ የሚቀንሰው ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ያህል ነው። 160 አካባቢ የነበረው 130 አካባቢ ይሆናል፤ ያም ጆሮ ያማል። ፊልሙ ይህን ያውቃል፤ አውቆ ይዋሻል። እንግዲህ አሠራሩን እዩት፦ ፊልሙ ዓይኑን አውጥቶ ይዋሻል፣ ተመልካቹ ዓይኑን ሰርቆ ያያል። ሃፍረቱን ፊልሙ ስለተወው ተመልካቹ ይሸከመዋል።

የሌሊት አንባቢ፦
«ቅጥ ያጣ» አይሆንም?

ፊደል ቆጣሪ፦
ቅጥ ያጣ ሳያስበው መልኩን የሳተ ነው። እነዚህ አስበውበት ነው። 31ዱን ጥይት የሆነ ሰው ተቀምጦ ወስኗል።

ዘጉባኤ፦
ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። አንድ ነገር እመልሳለሁ፣ አንዱን ይዤ እቆያለሁ። «ይመስጡኛል» በአድራጊው ይፈቀድ፤ ተኵላው ስለመሰከረ። «ተመስጦ» የሚለውን ስም ግን ለፊልም አልሰጥም፤ ጽሑፉ ሌላ ቦታ «በተመስጦ አየሁ» የሚል ካለበት ይውጣ። ደግሞ ቃል ፈላጊ አንድ ነገር አላየህም። ዓረፍተ ነገርህ በ«ሰርቄ» ይጀምርና በ«ይመስጡኛል» ይጨርሳል። ሊሰርቅ የተቀመጠው ተነጠቀ። ይህን አስበህ ከጻፍከው ቅኔ ነው፤ ሳታስበው ከሆነም ቋንቋው ራሱ አስቦልሃል። አርታዒው የሰረዘው ወርቁን ነው።

ቃል ፈላጊ፦
አላሰብኩትም መምህር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስታነሱት ግን አንድ የድሮ ፊልም ትዝ አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1903 የተሠራው፣ 12 ደቂቃ ገደማ የሚሆነው የባቡር ዘረፋ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በቀጥታ ይተኩሳል። ከታሪኩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ አሳዪዎቹም ያን ምስል መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ማድረግ ይችሉ ነበር። ሌባው ባቡሩን ትቶ ወደ እኛ የዞረባት ቅጽበት። ከ120 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ዛሬም ሳያት ጭንቅላቴን ዘወር አደርጋለሁ።

ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አድርጌ ለአርታዒው መለስኩለት፦

«ሰርቄ ላያቸው እቀመጣለሁ፤ እነሱ ይመስጡኛል።»

የሁለተኛው ጥያቄዬ ነገርስ? ስሙ?

የሌሊት አንባቢ፦
«ስርቅታ» ቢባልስ? ከሰረቀ።

ሰብታይትል ሠሪዋ፦
ስርቅታ እኮ ስቅታ ነው! ሰው ስቅ ሊለው ነው የሚመስለው።

የሌሊት አንባቢ፦
ሳያስቡት ድንገት ስቅ የሚያደርገው አይደል? ሳያስቡት መያዙ ራሱ...

ፊደል ቆጣሪ፦
ቆይ፣ ስርቅታ ከሰረቀ መምጣቱን ማን አረጋገጠ? በየትኛው ሰ ነው? ቃል ፈላጊ፣ በነገራችን ላይ ለአርታዒው የላክኸው በእሳቱ ነው። «ይመሥጡኛል» በንጉሡ አድርገው፤ ያኔ እንዳይሰርዘው ምክንያት ይኖርሃል።