የትንሿ መናፈሻ ስም፦ ዮፍታሔ፣ ገላነሽ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦
እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ገና ከአፌ ሳይወጣ ሰው ጎራ ለየ። ነገሩ ይሄ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአንዲት ትንሽ መናፈሻ ስም ይውጣ ቢባል፣ በቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ስም ትጠራ ወይ? ሐሳቡን ያመጣው ከመካከላችን አንዱ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የወሰነው ነገር የለም። ስድብ ክልክል ነው፤ ቅኔ ይፈቀዳል።

የመንቆረር ልጅ፦
ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ልጀምር። ዮፍታሔ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። የቅኔ ሰው ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማረ። ቴአትር ጻፈ፤ ተማሪዎቹን ሰብስቦ መድረክ ላይ አወጣ። የመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙራችን ግጥም የእሱ ነው፤ ዜማው የአርመናዊው የኬቮርክ ናልባንዲያን። ያ መዝሙር እስከ 1967 ድረስ ቆይቷል። ጣሊያን ሲገባ ሱዳን ተሰደደ፤ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ፤ በ1939 አረፈ። እንግዲህ ለዚህ ሰው አንዲት መናፈሻ በዛችበት?

ባለ ባጃጁ፦
እኔ ሰውዬው ላይ ቅሬታ የለኝም። የማስበው ተሳፋሪውን ነው። «የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ መታሰቢያ መናፈሻ ጋ አውርደኝ» ብሎ እስኪጨርስ ቦታውን አልፌዋለሁ። አዲስ አበባ ስትሄዱ «አፍሪካ ጎዳና ውሰደኝ» የሚል ሰው ሰምታችኋል? ቦሌ ነው የሚለው። ሕዝብ የፈለገውን ይጠራል፤ ታፔላው ለብቻው ቆሞ ይቀራል።

ጡረተኛው መምህር፦
አንተ ልጅ፣ ጥሩ አነሳህ። ግን ከተማችንን ራሷን እያት። ስሟ መንቆረር ነበር። የማርቆስ ደብር ተተከለ፤ ከተማዋም በደብሩ ተጠራች። ስሙ ለምን ያዘ? አዋጅ ስለወጣ አይደለም። ሰው ይሳለምበታል፣ ታቦት ያነግሥበታል፣ ዘመዱን ይቀብርበታል። ስም የሚይዘው ሥራ ሲኖረው ነው። ስለዚህ ከስሙ በፊት የምጠይቀው አለኝ፤ መናፈሻዋ ውስጥ ምን ይደረጋል? አበባና አግዳሚ ወንበር ብቻ ከሆነ ባለ ባጃጁ አሸነፈን።

ችኩሉ፦
ሰው በሰላም ወጥቶ መግባት በናፈቀበት ጊዜ የመናፈሻ ስም? ይቅርታ፣ ግን ትንሽ አላፈርንም?

የመንቆረር ልጅ፦
ወንድሜ፣ እሱን እያሰብን ነው ሌሊቱን የምናድረው። ቀን ደግሞ ሌላም ነገር እናስብ።

የአቸፈሯ፦
እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ለምን ሁልጊዜ ወንድ? አውሮፕላን ማረፊያው በወንድ፣ ትምህርት ቤቱ በወንድ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ዓይነ ሥውር ነበሩ። ሴት ናቸው። ቅኔን ተምረው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ያስተማሩት እዚሁ ጎጃም ውስጥ ነው። ቅኔ ቤት የወንድ ነው በሚባልበት አገር! ዮፍታሔማ ቢያንስ መጻሕፍት ላይ አለ። የእማሆይን ስም የትኛው ልጅ ነው የሚያውቀው? ጥበብን መምራት ማለት አዲስ አበባ ሄዶ መታወቅ ብቻ ነው እንዴ?

የመንቆረር ልጅ፦
እማሆይን ማን ይጠላል፣ እታለም! ግን እሳቸው በአቸፈር በኩል ናቸው። ማርቆስ ላይ ምን አገናኛቸው?

የአቸፈሯ፦
አገናኝተኸው ሞተሃል! ዮፍታሔስ ዝናውን ያገኘው የት ነው? አንተው ነህ «አዲስ አበባ ሄዶ» ያልከው። ምሥራቅና ምዕራብ እያላችሁ ቅኔውንም በወረዳ ልትከፍሉት ነው?

ምሩቁ፦
እኔ ደግሞ በፖለቲካው በኩል ልግባ። መዝሙሩ ንጉሡን የሚያወድስ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር «ይሄ የዚያ ዘመን ሰው ነው» የሚል ይመጣል። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ትናንት ግንቦት ሃያ ነበር፤ ዛሬ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው። በአበባ ስም ብንጠራት ማንም አይጣላንም።

ጡረተኛው መምህር፦
ግንቦት ሃያ እኮ የመንግሥት ቀን ነው። ሥልጣኑ ሲሄድ አብሮ ሄደ። የዮፍታሔ መዝሙርም ሄዷል፤ ሰውየው ግን የመዝሙሩ ብቻ አይደሉም። ቴአትር በዚህ አገር ገና ዳዴ ሲል እጁን ይዘው ካስኬዱት አንዱ ናቸው። የዘመኑ ሰው ሁሉ ንጉሥ አወድሷል። በዚያ ሚዛን ከለካን ስም የምንሰጠው ለባሕር ዛፍ ብቻ ይሆናል።

ባለ ባጃጁ፦
ባሕር ዛፍ መናፈሻ! ይሄ ደስ ይላል፤ አጭር ነው።

ሌባ ሻይ፦
እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ለአርበኛ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለባለቅኔ አግዳሚ ወንበር? ለሐዲስ ዓለማየሁ ዩኒቨርሲቲው የባህል ጥናት ተቋም ሰይሞላቸዋል፤ ደግ አደረገ። ሐዲስም እኮ ደብረ ኤልያስ ተምረዋል። ዮፍታሔን ግን በአንዲት ቁራሽ መሬት ልንሸኘው ነው? ትልቅ ነገር እስኪሠራ ብንጠብቅስ?

ጡረተኛው መምህር፦
ቅኔ ቤት መች ትልቅ ሆኖ ያውቃል? ተማሪው ሣር ጎጆ ውስጥ እያደረ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው ቅኔ የሚቆጥረው። ጉባኤ ቃና የምትባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ናት። አጭር ናት ብሎ የናቃት አልሰማሁም፤ እንዲያውም ተማሪው በእሷ ነው የሚጀምረው። ትልቅ ነገር እስኪሠራ እንጠብቅ ካልን፣ እኔ በበኩሌ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም።

የታጠረበት፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አንድ ነገር ልበል። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ክፍት ቦታ ነበር። የት ከተማ እንደሆነ ይቅር። ኳስ እንጫወትበታለን፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይተከልበታል፣ እናቶች እህል ያሰጡበታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ በቆርቆሮ ታጥሯል። ካፌ ሆነ። ማንም አልጮኸም። ለምን? ስም አልነበረውማ! ወረቀቱ ላይ «ክፍት ቦታ» ነው የሚለው። ክፍት ቦታ ደግሞ ይሞላል። ዮፍታሔ በሉት፣ ገላነሽ በሉት፣ ግድ የለኝም። ብቻ ስም ይኑረው።

ምሩቁ፦
ስም ያለውስ አይታጠርም? የዋህ ነህ።

የታጠረበት፦
ይታጠራል። ግን ያኔ «የዮፍታሔ መናፈሻ ተሸጠ» ይባላል። የሚሸጠውም ሰው ይህን ያውቃል፤ ትንሽ ያፍራል። ያቺ ትንሽ እፍረት ናት የምትተርፈን።

ሌባ ሻይ፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እሺ፣ ልጠብቅ ያልኩትን አንሥቻለሁ።

የአቸፈሯ፦
እኔ ግን አላነሣሁም። ዮፍታሔ ይሁን፤ ግን በሁለት ነገር። አንደኛ፣ መሐሏ ላይ ትንሽ መድረክ ይሠራ። ድንጋይ በግማሽ ክብ መደርደር ምንም አይከብድም፤ ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ልጆች ሞልተዋል። የቴአትር ሰው ስም ይዞ መድረክ የሌለው መናፈሻ፣ ጸበል የሌለው ጸበል ቤት ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መድረኩ በእማሆይ ገላነሽ ይጠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ግጥም ያንብቡበት። ሴቶቹ ይቅደሙ።

የመንቆረር ልጅ፦
መድረኩን ተቀብያለሁ። ስሙን ላስብበት።

የአቸፈሯ፦
ምኑን ታስባለህ? የወረዳ ካርታ ልታመጣ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦
ይቀበላል፣ ልጄ፤ ዛሬ እልህ ይዞት ነው። ዮፍታሔ ራሳቸው አስተማሪ ነበሩ። መምህር አጠገብ መምህር ቢቀመጥ ምን ነውር አለው? ለሐውልት እንዳትሯሯጡ ብቻ አደራ። የሐውልቱን ብር ለዘበኛ ደመወዝና ለውኃ ቧንቧ አድርጉት። ክረምቱን ተክሎ በጋ ላይ ማድረቅ የለመድነው ነገር ነው።

ችኩሉ፦
ቅዳሜ በስንት ሰዓት?

አወያይ፦
ገና ያልተሠራ መድረክ ላይ ሰዓት ተጠየቀ! የቀረን የታፔላው ጽሑፍ ነው። «ቀኝ ጌታ» የሚለው ማዕርግ ይግባ ወይስ ይቅር?

ጡረተኛው መምህር፦
ይግባ እንጂ! ማዕርግ ነው።

ባለ ባጃጁ፦
ታፔላው ላይ ይግባ፣ የኔታ። እኔ ግን «ዮፍታሔ፣ ዮፍታሔ፣ አንድ ሰው የቀረው» እያልኩ ነው የምጠራው።